ልሙጡ ብረት

ሀይሌ ጭስ ሲያይ የሚያስነጥሰው ሰው ነበር። በትዳር ዘመኑ ሁሉ ማጀት የገባው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ክብሪት ፍለጋ። ይኸው ሰው ነው እንግዲህ ከትልቁ ድርቅ ማግስት አንድ ጠዋት ተነሥቶ፣ "ግድግዳው ውስጥ የሚገነባ የብረት ምድጃ አሠራለሁ" ያለው።

ሚስቱ ምንታምር የጨው ዕቃ ከመደርደሪያ ለማውረድ እንደ ወትሮዋ በርጩማ ላይ ቆማ ነበር። ስትስቅ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

"የከባድ መኪና ሹፌር ስለ ምድጃ ምን ያውቃል? ማርሽ የለው፣ ፍሬን የለው!"

በሰፈራቸው በማንያታ ብየዳ የሚሠራው ባለሙያ፣ ፉንዲ ዱባ፣ ተጠራ። ቁጢጥ ብሎ ወለሉ ላይ በጠመኔ ሣለው። በቀኝና በግራ የድስት ቦታ፣ መሃሉ ባዶ።

"መሃሉ ላይ ምን ልበይድ? ፍርግርግ ከሆነ ለጥብስ ነው። ልሙጥ ብረት ከሆነ ለቻፓቲ ቂጣ። ሁለቱም አይገቡም።"

"ፍርግርግ ነዋ!" አለች ምንታምር። መጠየቁም አስገረማት። የእሷን የፍየል ጎድን የቀመሰ ሹፌር ናይሮቢ እስኪደርስ ሌላ ወሬ የለውም።

"ልሙጥ" አለ ሀይሌ።

"ማን ቻፓቲ ጠየቀህ?"

"ልሙጥ ይሁን። ቁመቱ ዝቅ ይበል። ወደ መንገዱም መስኮት ይከፈትለት። ሥጋ ግን አንድም ቀን እንዳይነካው።"

"ዝቅ ይበል?" አለ ዱባ። "ለልጅ ነው እንዴ?"

"መስኮቱስ ለዝንብ ነው?" አለች ምንታምር።

ሀይሌ ቀብድ ቆጥሮ ለዱባ ሰጠው። ዱባም ልሙጡን ሊቆርጥ ሄደ።

ምንታምርን ያነቃት "ሥጋ እንዳይነካው" የሚለው ቃል ነው። በማንያታ ክርስቲያንና ሙስሊም ግድግዳ ተጋርቶ ይኖራል፤ ስኳር ይበዳደራል፣ ልቅሶ አብሮ ይቀመጣል። ሥጋ ላይ ግን ይለያያል። ክርስቲያን ያረደው በተጠበሰበት ብረት ላይ የተጋገረውን፣ ባዶ ቂጣም ቢሆን፣ ሙስሊም አይቀምሰውም። ታዲያ ከክርስቲያን ቤት ምድጃ ሥጋ የሚከለከለው ለማን ተብሎ ነው?

ከዚያ ወዲያ ዓይኗ ተከፈተ። ሀይሌ ሥጋ ትቷል፤ ሳህኑን ገፋ እያደረገ "ጠገብኩ" ይላል። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስቷል፤ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ወገቡን የሚያጠብቀው ለማን እንደሆነ ለሴት አይነገራትም። መሪውን ለረዳቱ ለዋርዮ ለቅቆ፣ ራሱ እንደ ባለሥልጣን ከጎን ይቀመጣል። ጭነት ኖረም አልኖረም ወደ ሶሎሎ ከተማ ይመላለሳል።

የቀረውን ጎረቤቷ ካልቱማ ሞላችላት።

"ሶሎሎ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ቻፓቲ የምትሸጥ ፋዱሞ የምትባል አለች። እሷ ዘንድ ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው አሉ። እኔ የሰማሁትን ነው።"

"ቻፓቲ!" አለች ምንታምር። "እኔ ሥጋ እየጠበስኩ ያኖርኩት ሰው በዱቄት ተሸነፈ?"

"ዱቄትን አትናቂ" አለች ካልቱማ። "ያንቺ ጥብስ በአጥር ላይ ይሸተናል እንጂ መች በላነው? ዱቄት ሁሉም ቤት ይገባል።"

ማታ ሀይሌ ሲመጣ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

"ፋዱሞ ማን ናት?"

አልደነገጠም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

"አመጣታለሁ። ቻፓቲ ታስተምርሻለች።"

"ለእኔ? ምግብ? ደግሞ እዚሁ ቤቴ ድረስ!" እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "እስቲ ንገረኝ፣ አንተንስ እዚያ ማን ብለው ሰየሙህ? አብዲ ነህ ወይስ ሐሰን?"

ሀይሌ ሳቀ። ሳቁን ግን መሃል ላይ ቆረጠና ሆዱን ይዞ ቁጭ አለ።

"ሳቅህ እንኳ የውሸት ሆነ" አለችው።

ምድጃው ተገነባ። ሀይሌ እየዳበሰ አየው፤ ሽማግሌ የልጅ ልጁን እንደሚዳብስ። በማግስቱ ከዋርዮ ጋር ፋዱሞን ሊያመጣ ወጣ።

ምንታምር የመኪናው አቧራ እስኪረጋ እንኳ አልታገሠችም። ከክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ስቡ ያልተነሣለት የፍየል ጎድን አመጣች። ልሙጡን ብረት አጋለችው፤ ወደ መንገዱ የሚያየውን መስኮት ወለል አድርጋ ከፈተችና ሥጋውን ጣለችበት። ስቡ ተንጣጣ፤ ጭሱ መንገዱን ሞላው።

"ኑ እዩ! የሀይሌ ምድጃ ክርስትና ተነሣ!"

ወደ ገበያ የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ አየ። የክርስቲያኖቹ ሚስቶች ሳቁ። ካልቱማ በሻሿ ጫፍ አፍንጫዋን ሸፈነች።

"ምን አደረግሽ ምንታምር? ማንያታ ሁሉ አየ። ከእንግዲህ ከእኛ ወገን ከዚህ ብረት የሚቀምስ የለም።"

"እሱን ነው የፈለግሁት! ያቺ ሶሎሎዋ ትምጣና ትጋግርበት!"

ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ መኪናው መጣ። ዋርዮ ነው የሚነዳው። ሀይሌ አልወረደም፤ ጭንቅላቱን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ቀረ። "አፍሮ ነው" አለች ምንታምር በልቧ፤ ደስ አላት።

ፋዱሞ ወረደች። የበግ ለምድ የመሰለ ሽበት ያላት፣ እንደ ግመል ረጅም ሴትዮ ናት። መዳመጫና የዱቄት ከረጢት ይዛለች። በመስኮቱ ለማየት ጎንበስ ማለት ነበረባት፤ እዚያ ምድጃ ላይ ለመጋገርማ እጥፍጥፍ ማለት ያስፈልጋታል። የረጋውን ስብ አየች።

"ማነው ሥጋ የጠበሰበት?"

"ባለቤቲቱ!" አለች ምንታምር፣ አገጯን ወደ ላይ ሰቅላ። "ምነው፣ አልተመቸሽም?"

ፋዱሞ ወደ መኪናው ዞር ብላ አየች። ከረጢቱን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠችና፣ ሀይሌ እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እህቴ፣ ሐኪሙ 'ከዚህ በላይ መድኃኒት የለንም' ሲለው ከበሩ ደግፌ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን የለመነኝም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ 'እኔ ስሞት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከሚስቴ እጅ ገዝቶ እንዲበላ፣ ቻፓቲ አስተምሪልኝ።'"