የጠልሐ ናሙና

«አሁን መግባት አይቻልም፣ እማዬ።»

ሲሃም ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆማለች። አማቷ ወይዘሮ ዘይነባ ዘንቢላቸውን እንዳንጠለጠሉ ፊቷ ተገትረዋል። ለገሃር እህታቸው ዘንድ ውለው ማታ ነበር የሚመለሱት። እህትየው ግን ቤት አልነበረችም።

«በገዛ ቤቴ?»

«ትንሽ ይታገሱኝ። ጠልሐ ውስጥ ነው።»

«ታዲያ ልጄ አይደል? አዲስ ሰው ነኝ እንዴ ለሱ?»

ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለ የቀበሌ ቤት። ውስጥ ያለ ሰው የውጪውን ሁሉ ይሰማል። ጠልሐም ይሄኔ እየሰማ ነው።

ካዛንቺስ ያለው ላብራቶሪ ሁለት ጊዜ ሄዷል። ሁለቱንም ጊዜ፣ እሱ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሆኖ ሲታገል ውጪ ያለ ሰው በሩን እያንኳኳበት፣ ባዶ ብልቃጥ ይዞ ወጣ። በመጨረሻ ባለሙያዋ አዘነችለት። «ሰፈራችሁ ቅርብ ከሆነ ከቤት አምጡት» አለች። «ብቻ እንዳይቀዘቅዝ ገላው ላይ ይያዘው። ሰዓት ሳይሞላውም ድረሱ።» ትናንት ማታ ጠልሐ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ «ነገ ካልሆነልኝ በቃ፣ እንዳታነሺብኝ» ብሏታል።

ወይዘሮ ዘይነባ እጃቸውን ወደ በሩ ይሰዳሉ። ሲሃም ትይዛቸዋለች። የአማቷን እጅ እንዲህ አጥብቃ ይዛ አታውቅም።

«ታሟል እንዴ? ወላሂ ንገሪኝ!»

«አልታመመም።» ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። «ምርመራ አለበት። ማለቴ... የዘር ፈሳሽ ምርመራ። ሐኪም ቤት የምንወስደውን እያዘጋጀ ነው።»

አሮጊቷ መጀመሪያ አይገባቸውም። ሲገባቸው ፊታቸው ይቀላል።

«ልጄን? እሱን ምን ጎደለው ብለሽ? ያልወለድሽው አንቺ!»

«እኔ ተመርምሬያለሁ፣ እማዬ። ምንም የለብሽም ተብያለሁ።»

«መቼ?»

«አምና።»

«አምና?» ዘንቢሉ ከእጃቸው ዝቅ ይላል። «ታዲያ ያን ሁሉ ስናገርሽ ምነው ዝም አልሽ?»

ሲሃም ዘወር ብላ በሩን ታያለች።

ይሄኔ የጎረቤታቸው የጀማነሽ በር ሲጢጥ ብሎ ይከፈታል።

«ዘይነባ! ምንድን ነው? ተጣላችሁ እንዴ?»

ሲሃም ዓይኗን ትጨፍናለች። ጀማነሽ የሰማችውን እስከ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። አንድ ቃል ብቻ ትበቃለች።

«ምን እንጣላለን!» ይላሉ ወይዘሮ ዘይነባ። «ትኋን ገብቶብን ፍሊት ተነፍቶበት ነው። እንዳትጠጊ፣ ደረት ይይዛል!»

ጀማነሽ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ በሯን ትዘጋለች።

ወይዘሮ ዘይነባ ዘንቢሉን መሬት ያስቀምጡና ደፉ ላይ፣ ሲሃም እግር ሥር ይቀመጣሉ። ሌላ ሰው ቢመጣ እሳቸውን ሳይረግጥ አያልፍም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ይሁን እርግማን ሲሃም መለየት አትችልም። ከውስጥ ምንም አይሰማም።

ቆይቶ መቀርቀሪያው ቀጭ ይላል።

ጠልሐ ቀኝ እጁን ጃኬቱ ውስጥ፣ ብብቱ ሥር ወሽቆ ይወጣል። ግንባሩ በላብ ርሷል። እናቱን ሲያይ እግሩ ተይዞ ይቀራል።

«እማ... እኔ እኮ...»

እናቱ ቀና ብለው አያዩትም። ተነስተው የጃኬቱን ዚፕ እስከ አንገቱ ይዘጉለታል።

«ብርድ አለ» ይላሉ ለዚፑ። «ሂድ እንግዲህ።»

ሲሃም ክንዱን ይዛ ትጎትተዋለች። ሌሊቱን በዘነበው ዝናብ የራሰውን ኮብልስቶን በሩጫ ይያያዙታል። ታክሲ ተራው ጋ ሊደርሱ ሲሉ ከኋላቸው የወይዘሮ ዘይነባ ድምፅ ይመጣል።

«ቀስ በሉ! ያዳልጣል!»

ሲሃም ሳትዞር ትሰማዋለች። «በል» አላሉም። «በሉ» ነው ያሉት።