ጄኔሬተሩ ዝም ያለ እሑድ

አንጁሎ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ የጄኔሬተሩን ማስነሻ ገመድ ጨብጦ እንደቆመ፣ ውስጥ መብራቱ ራሱን ችሎ ቦግ አለ። ከኦሞ ወንዝ ተነስቶ፣ የዳሞታን ተራራ ታክከው በሚያልፉ የብረት ምሰሶዎች ከክልል ክልል የሚሻገረው ኃይል ለእነሱም ቀበሌ ደርሶ ነበር፤ ያለ ጭስ፣ ያለ ቤንዚን፣ ያለ አንጁሎ።

«ጋሼ፣ እንግዲህ ጡረታ ወጡ!» አለው የመዘምራኑ መሪ በመስኮት ብቅ ብሎ።

«ይኼ ጄኔሬተር ሲነሳ እኮ የአባያ ሐይቅ ጉማሬ ደንግጦ ከውሃ ይወጣ ነበር!» አለ አንጁሎ፣ ገመዱን ሳይለቅ። ያ ጩኸት ከአሁኑ ናፍቆታል። ከጎኑ ቆሞ ነው ፀጉሩ የሸበተው። ሚስቱ ዶርቃ ስትዘምር በመስኮት የሚያየው አፏ ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ ነበር፤ ቤት ደግሞ አፍራ አትዘምርም። ቢሆንም «ዶርቃ ስትዘምር ሶዶ ላይ ሰው መኪና አቁሞ ይሰማል» እያለ የተበላ ከተማን ገበያ በሙሉ አሳምኗል።

አሁን ዶርቃ ብቻዋን ጀመረች። ድምፅዋ ገና ከመነሻው እንደ ባለጌ ፍየል አጥር ዘሎ ከሰው ማሳ ገባ። ከኋላ ወንበር ሳቅ ተሰማ፤ እሷም ሰምታው ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ጄኔሬተሩ ስንት ዘመን ሲሸፍንላት እንደኖረ አንጁሎ ያን ጊዜ ገባው። ገመዱን ጥሎ እየሮጠ ገባና ከደጃፉ ጀምሮ ከእሷ አሥር እጥፍ የከፋ ድምፁን ለቀቀው።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ዝም በል!» አሉ አንዲት አሮጊት። ጉባኤው ዞሮ በእሱ ሳቀ። ዶርቃ ግን ዓይኗን ጨፍና መዝሙሯን እስከ መጨረሻው ዘመረች።