መካከለኛዋ

ቅዳሜ ጠዋት አስጠኚያቸው ልደቱ የእንጦጦን ጭቃ ከጫማው አራግፎ ቀበና ወዳለው ቤታቸው ሲገባ፣ ሁለቱ እህትማማቾች እንደ ልማዳቸው ተኮራርፈው፣ ሦስት ሰው በሚያስቀምጠው ሶፋ ወዲያና ወዲህ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሀይማኖት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ታናሿ ፀዳለ አሥራ አምስት። ፀዳለ ጥያቄው ተነቦ ሳያልቅ መልሱን ስታወጣ ሀይማኖት እርር ድብን ትላለች።

«የሦስት እህትማማቾች ዕድሜ ተከታታይ ሙሉ ቁጥሮች ናቸው፤ ድምራቸው አርባ ስምንት ነው» አለ ልደቱ። «መካከለኛዋን ኤክስ በሏት። እሷ ከተገኘች ሌሎቹ አያስቸግሩም።»

«ዛሬስ አትቀድመኝም!» ብላ ሀይማኖት እስክሪብቶዋን አጣደፈችው። አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት። እጇን ልታወጣ ስትል የእህቷንና የራሷን ዕድሜ አየች። ቀና ብትል ፀዳለም ደብተሯን ትታ እሷን እያየቻት ነው።

«ሁለታችሁም ዘገያችሁ» አለ ልደቱ።

እናታቸው ከጓዳ ብቅ አለች። «የትኛዋ ቀደመች?»

«እንደ ሁሌው፣ መካከለኛዋ።»

እናታቸው ፈገግ ብላ መጣችና በሁለቱ መካከል ያለውን ባዶ አየር፣ ልክ የልጅ ፀጉር እንደሚዳበስ፣ ዳበሰችው። «ድሮስ! ከሦስቱ ልጆቼ አንቺን የሚያህል አለ እንዴ?»

ከፍርሃቱ በፊት ሀይማኖትን የያዛት ቅናት ነበር። እሷን እናቷ እንዲህ ዳብሳት አታውቅም።

«በይ ተነሺ የኔ ልጅ፣ ቁርስሽን ብዪ።»

በሁለቱ መካከል ጎድጉዶ የነበረው የሶፋው ስፖንጅ ቀስ ብሎ ከፍ አለ።