ሦስት ቀን የቆመው ገጽ

ቀናው ማለዳ ማለዳ ከቃሊቲ እስከ አቃቂ በሰቃ በየፋብሪካው በር ይዞራል። የተለጠፈውን የቅጥር ማስታወቂያ ይገለብጥና ብሎጉ ላይ ያወጣዋል። ሻይ ሻጯ እትዬ አሰለፈች «እግር ያወጣ ሰሌዳ» ይሉታል። የሰፈሩ ሥራ ፈላጊ ሁሉ ዓይኑ እዚያ ላይ ነው።

ብሎጉን ያቆመለት አብሮ አደጉ ሙንታሲር ነበር። ኪራይ የለው፣ ምን የለው፤ ጽሑፉን ፕሮግራም ጸሐፊዎች ኮድ በሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ ላይ ሲጭነው የድረ ገጹ ማሽን ራሱ ገጽ አድርጎ በነጻ ያወጣለታል። ሙንታሲር አጥብቆ ያዘዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የእያንዳንዱ ፋይል ስም በቀኑ ይጀምር፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ በቁጥር፤ ማሽኑ የሚያነበው ይህንኑ ነውና። ቀናው ከሐምሌ ጀምሮ አንድም ቀን አላዛነፈም።

ሰኞ ተጣሉ። ሙንታሲር ስሙ ከገጹ ግርጌ እንዲጻፍለት ጠየቀ። ቀናው ሳቀበት።

«እኔ ከሌለሁ አንድ ቀን አያድርም» አለና ሙንታሲር ከአባቱ ጋር በአይሱዙ ወደ ኮምቦልቻ ወጣ።

ማክሰኞ ቀናው እንደ ልማዱ ጫነ። አልወጣም። ገጹ የሰኞን እንደያዘ ድርቅ አለ። ረቡዕም እንደዚያው። አካውንቱ የተከፈተው በሙንታሲር ኢሜይል ነው፤ የሙንታሲር ስልክ ደግሞ ዝግ ነው።

ሐሙስ፣ ጳጉሜን ሦስት፣ የሩፋኤል ዝናብ ወረደ። ልጆች ራቁታቸውን ወጥተው ይቦርቃሉ። እትዬ አሰለፈች ባልዲያቸውን ከጣራው ሥር ደቅነው፣ የሳሙና ፋብሪካው ምዝገባ ትናንት ማለቁን፣ የእህታቸው ልጅ የእሱን ገጽ ስትጠብቅ መቅረቷን ነገሩት።

የቀናው ደም ፈላ። ቀጥ ብሎ እነ ሙንታሲር ቤት ሄደ። እናትየው እማ ላጢፋ ከልጅነቱ ጀምሮ ከልጃቸው ሳይለዩ ያበሉት ሴት ናቸው።

«ልጅዎ እንጀራዬን ዘግቶብኛል። ከእንግዲህ እዚህ ደጅ አልደርስም» አላቸው።

እሳቸው ምሳ አቀረቡለት። ሳይቀምስ ወጣ።

ከሰዓት ሙንታሲር ገባ። እናቱ ነገሩት። የመንገዱን አቧራ እንኳ ሳያራግፍ ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ ቀናው ዘንድ መጣ።

«እስኪ የዘጋሁትን አብረን እንክፈተው» አለው።

ኢሜይሉን ከፈተ። ከማሽኑ የመጡ ሦስት መልእክቶች ተደርድረዋል፤ የማክሰኞ፣ የረቡዕ፣ የሐሙስ። አንዱንም አላነበበም ነበር። የመጀመሪያውን አነበበ። ስክሪኑን ወደ ቀናው አዞረለት።

አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል የለም፣ ይላል።