እስከ ድልድዩ የምታደርስ ቤንዚን

ሚስባህ የጎማውን ንፋስ የሚያይ መስሎ ጎንበስ አለና፣ በሁለት ጣቱ የሞተሩን የቤንዚን መክፈቻ ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ማንም አላየውም። ቱቦው ውስጥ የቀረችው ቤንዚን ቢበዛ መርሳ ከተማ መውጫ ላይ እስካለው ድልድይ ታደርሳለች፤ ከዚያ ወዲያ ሌባም ቢሆን በእግሩ ነው።

«በይ፣ ይሞክረው» አላት ሜላትን ቀና ብሎ።

ሜላት ሞተሩን ሊገዛ የመጣው ፈረንጅ ያደረበት ፔንስዮን እንግዳ ተቀባይ ናት። ሰውየው በሞተር አገር ለአገር የሚዞር ነው፤ የራሱ ሞተር ጅቡቲ ወደብ ላይ በወረቀት ጣጣ ተይዞበት፣ እዚህ አንድ ገዝቶ እስከ ሞያሌ ሊነዳና እዚያ ሸጦት ኬንያ ሊሻገር አስቧል። እሷ ያለችው እንዲህ ነው። ለሚስባህ ግን ነገሩ አልዋጥልህ ብሎታል። ወደብ ላይ ሞተር ያለው ሰው መርሳ ምን ይሠራል? ለምንስ ዋጋ አልተከራከረም? የጠሩለትን እሺ ብሎ የሚቀበል ገዢ ወይ ሞኝ ነው ወይ የማይከፍል፤ ይሄ ደግሞ ሞኝ አይመስልም።

«ጋሽ ሚስባህ፣ ካላመኑት ከኋላው ይቀመጡ» ብላው ነበር።

«ለምን ብዬ? ጫካ ወስዶ ቢጥለኝስ?»

አይፈረድበትም። የፊተኛውን ሞተሩን ሐራ ገበያ ላይ አንድ ሸሚዙን የተኮሰ ጎልማሳ «ልሞክረው» ብሎ እንደወጣ ነው ያጣው። ይሄኛው ከተሸጠ የውሃ ፓምፕ ይገዛበታል። ከተሰረቀ ግን ሽንኩርቱ ማሳው ላይ እንዳለ ደርቆ መቅረቱ ነው፤ ቦዩ ውሃ ካቆመ ሰነባብቷል፣ ቅጠሉም ከጫፉ ቢጫ ማለት ጀምሯል። ሌላ የሚሸጠው የለውም፤ ሌላ ገዢም አልመጣለትም።

ፈረንጁ ቦርሳውን ሜላት እግር ሥር አስቀምጦ፣ ሄልሜቱን አጥልቆ ሞተሩ ላይ ወጣ። የሞተሩ ድምፅ አስፋልቱን ይዞ ሄደ፣ ድልድዩ ጋ ተንተፋተፈ፣ ጠፋ። ሚስባህ በልቡ ሳቀ። አሁን እየገፋ ይመጣል።

አልመጣም። ሚስባህ አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። ከድልድዩ በኩል አንድ አይሱዙ ሲቆም፣ የኋላ መዝጊያው ሲንጓጓ፣ ከዚያም ተነሥቶ ወደ ውርጌሳ ሲነጉድ ተሰማው። 

«ጭኖት ሄደ!»

«ማን?»

«ይሄ ያመጣሽብኝ ጉድ ነዋ! በመኪና አስጭኖት ሄደ! ወላሂ ተመካክራችሁ ነው! ድርሻሽ ስንት ነው? ንገሪኝ እንጂ!»

«ቦርሳው ይኸው እኮ ጋሼ፤ ፓስፖርቱም ውስጡ ነው።»

«ድንጋይ ሞልቶበት ቢሆንስ?»

ሜላት ቦርሳውን አንሥታ ታቀፈችው። መንገደኛው ቆም እያለ ያያት ጀመር፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ነገም ወደ ሥራ የምትሄደው በዚሁ መንገድ፣ በዚሁ ሰው መሀል ነው።

ያኔ ፈረንጁ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። ሞተሩን እየገፋ ነበር፤ ላብ አጥምቆታል፣ ፊቱ በርበሬ መስሏል። ደርሶ ሞተሩን አቆመና ለሜላት እጁን እያወናጨፈ ብዙ ነገር ነገራት።

«አልነሣ ብሎት ሲታገለው ነው የቆየ» አለች። «መንገድ ላይ የሚሞት ሞተር ይዤ በረሃ አላቋርጥም ይላል። ትቶታል።»

ሚስባህ ሽንኩርቱ ታየው። «ኧረ ሞተሩስ ጤነኛ ነው! ቤንዚኑ ተዘግቶ ነው በይው!»

ሜላት ለፈረንጁ ነገረችው። «ማን ዘጋው ይለኛል። የሱ ሞተር እንዲህ ያለ መክፈቻ የለውም።»

«ረስቼው» ማለት ይችል ነበር፤ ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ሜላት ግን ቦርሳውን እንዳቀፈች ታየዋለች፤ አፍሮ ዋጠው።

«እኔ ነኝ የዘጋሁት በይው። ሌባ መስሎኝ።»

«እኔን ያሉኝንም ልንገረው?»

አንገቱን ደፋ። «ንገሪው። አንቺም አፉ በይኝ።»

ሜላት ተናገረች። እሱ ካለው በላይ ረዘመ። ምን እያለችው ይሆን? ሚስባህ ቃሉ ሳይገባው ዓይኑን ከእሷ አፍ ወደ ሰውየው ፊት ያመላልስ ጀመር፤ መጠርጠሩ እንኳ አሁን አሳፈረው። ጎንበስ ብሎ መክፈቻውን ከፈተው።

ፈረንጁ መክፈቻውን አየ፤ ሚስባህን አየ። ሞተሩ ላይ ወጥቶ አስነሣው። ግን አልሄደም። ከኋላው ያለውን መቀመጫ በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«ይውጡ ይልዎታል» አለች ሜላት። «እንደገና ሊሞክረው ነው፤ እንዳይሰጉ።»

ሚስባህ ወጣ። በዚያ ሞተር ስንቱን ሰው ከኋላው ጭኖ አመላልሷል፤ እሱ ግን አንድም ቀን ከኋላ ተቀምጦ አያውቅም። ሞተሩ ሲንቀሳቀስ እጁን ምን ላይ እንደሚያሳርፍ ጠፋው፤ በመጨረሻ ላብ ያራሰውን የፈረንጁን ሸሚዝ በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ።