ባለቀለሙን ካርትሪጅ ማን ጨረሰው?

"ማን ነው የነካው?"

የቀለም መያዣውን፣ ካርትሪጁን፣ ከፕሪንተሬ ነቅዬ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት... ባዶ ነው።

አማቴ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

ሥራዬ የሰው ጽሑፍ መተየብና ማተም ነው... እዚሁ ሳሎን፣ ከሶፋው ጎን።

የማትመው በጥቁር ብቻ ነው። ባለቀለሙን ነክቼው አላውቅም።

ግን ያልቃል። አዲስ እገዛለሁ... ደግሞ ያልቃል።

ይህ ፕሪንተር ደግሞ አመለኛ ነው። አንዱ ቀለም ካለቀበት፣ ጥቁሩ ሙሉ ቢሆን እንኳ አልሠራም ይላል።

ጠዋት ላይ ቆመብኝ። የአንዲት ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ግማሹ ታትሞ ግማሹ ቀረ... ነገ ማስረከብ አለባት።

ሱቅ ሄጄ ሻጩን አማከርኩት። ያንተ ዓይነቱ ሲገዙት ርካሽ ነው፣ ሲሠሩበት ነው የሚያስለቅሰው አለኝ። አንድ ባለቀለም ካርትሪጅ የፕሪንተሩን ግማሽ ዋጋ ያወጣል። ባለታንኩ ፕሪንተር ሲገዙት ይወደዳል፤ ቀለሙ ግን በጠርሙስ ተገዝቶ ስለሚሞላ፣ ለአንድ ካርትሪጅ በምታወጣው ወራት ትሠራበታለህ አለኝ።

"የያዝከው እኮ ላሟን በርካሽ ሸጠውልህ፣ ሣሩን ከእኛ ብቻ ግዛ እንደማለት ነው" ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ብዙም አልስቅም።

አሮጌውን ካመጣሁለት ከባለታንኩ ዋጋ ላይ ሊቀንስልኝ ተስማማን... ሱቁ ሳይዘጋ መድረስ አለብኝ።

ቤት ተመልሼ የፕሪንተሩን ገመድ መጠቅለል ጀመርኩ።

"ልጄ... እሱን ተወው" አሉ አማቴ።

"እማማ፣ እርስዎ ነዎት ቀለሙን የሚጨርሱት?"

ዓይናቸውን ከፕሪንተሩ ላይ አልነቀሉም።

እኚህ ሴት ልጃቸውን በቀበሩ በሳምንቱ ቤታቸውን ዘግተው፣ እኔንና ልጄን ሊያግዙ የመጡ ናቸው። ስልክ ሲደወልላቸው እንኳ አንሳልኝ ይሉኛል። ፕሪንተር ምን ያደርግላቸዋል?

"ለጎረቤት ያትሙበታል?"

"አይደለም።"

"ታዲያ?"

"አትጠይቀኝ።"

ያኔ ከአፌ አመለጠኝ...

"በገዛ ቤቴ መጠየቅ ካልቻልኩ፣ አብረን መኖራችን ምን ይሠራል?"

ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ቁም ሣጥን ሲከፈት ሰማሁ... ቀጥሎ የሻንጣ ዚፕ።

ይህን ጊዜ ትንሿ ልጄ ከቀን እንቅልፏ ተነስታ እየሮጠች መጣች። ቤት የምንጠራት ሚጡ ብለን ነው።

ወደ አያቷ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን መጥታ ፕሪንተሩን በሁለት እጇ አቀፈችው።

"አባዬ... እማዬን አትውሰዳት።"

እጄ ገመዱ ላይ ቀረ።

"ምን አልሽ የኔ እናት?"

"እማዬ እዚህ ውስጥ ናት። አያቴ ስትጫነው ትወጣለች።"

ኮፒ የሚደረግበትን ክዳን አነሳሁት።

መስታወቱ ላይ አንድ ፎቶ ተደፍቷል። ገለበጥኩት...

ባለቤቴ ናት። ቢጫ ሹራብ ለብሳ ትስቃለች።

ከቀብሩ በኋላ ፎቶዎቿን በሙሉ ካርቶን ውስጥ ከትቼ አሽጌ ነበር። ሳያት መቆም ያቅተኝ ነበር። ማንም እንዳያወጣቸው ብዬም ነበር።

አማቴ ሻንጣቸውን እንደያዙ መጡ... ፎቶውን እጄ ላይ ሲያዩ ሻንጣውን መሬት አስቀመጡት።

ያኔ ነገሩኝ። ሚጡ የእናቷን ፊት ካላየሁ አልተኛም ስትል፣ ከካርቶኑ ይህችን አንዷን አወጡላት። ዋናው እንዳይበላሽ ኮፒ አደረጉላት። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች የቱን ቁልፍ እንደሚጫኑ አሳይታቸው ነበር።

ሚጡ አያቷ ክፍል ኮፒውን ታቅፋ ትተኛለች። ትስመዋለች... ታለቅስበታለች።

የዚህ ፕሪንተር ቀለም ደግሞ እርጥበት አይችልም። ስትስማት የእናቷ ፊት ይሟሟል።

ጠዋት "እማዬ ጠፋች" ብላ ትጮሃለች። አያቷ ሌላ ያወጡላታል።

ቀለሙን የጨረሰው የልጄ ከንፈር ነው።

"ለምን አልነገሩኝም እማማ?"

"አንተ ፎቶዋን ስታይ ትታመማለህ። እሷ ሳታይ ትታመማለች። ሁለታችሁንም እንዴት ላድርጋችሁ?"

ሻንጣቸውን አንስቼ ወደ ክፍላቸው መለስኩት... ይቅርታዬ መሆኑ ገባቸው።

ሱቁ ሊዘጋ ሲል ደረስኩ። ፕሪንተሩን ቤት ትቼ ባዶ እጄን ነበርኩ። አንድ ካርትሪጅ ስጠኝ አልኩት።

"ምነው፣ ላሟ አሳዘነችህ?" አለኝ ሻጩ።

የተማሪዋ ጽሑፍ በሰዓቱ ደረሰ።

ያችን ፎቶ ፎቶ ቤት ወስጄ፣ እርጥበት በማያበላሸው ወረቀት አሳተምኳት። ግድግዳው ላይ ዝቅ አድርጌ ሰቀልኳት... በሚጡ ቁመት ልክ። ሚጡ እያለፈች ትስማታለች። ፊቷ አሁን አይሟሟም።

እኔ አንዳንድ ቀን አያታለሁ። አንዳንድ ቀን ፊቴን አዙሬ አልፋለሁ... ግን አላወርዳትም።

ባለታንኩን አንድ ቀን መግዛቴ አይቀርም፤ የሻጩ ስሌት ልክ ነው። አሮጌውን ግን አልሸጥም። ሚጡ አሁንም አንዳንዴ ክዳኑን ከፍታ ታያለች።

እኔ የተማርኩት ይህን ነው... ሐዘኔን ያሸግኩ መስሎኝ የልጄን እናት ነው ያሸግኩባት። ቤት ውስጥ አንድ ነገር እያለቀ ሲያስቸግራችሁ፣ "ማን ጨረሰው?" ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት "ማን ምን ጎድሎት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ።

እናንተስ... እንዳትጎዱ ብሎ፣ ሳይነግራችሁ ብቻውን የተሸከመላችሁ ሰው አለ? ማን ነው? ምን ነበር የተሸከመላችሁ?

ከታች ጻፉልኝ... ሁሉንም አነባለሁ።