ግራ ጭኗ

ሐኪሙ ልጅቷን በሆዷ አስተኝቶ ግራ እግሯን ከጉልበቷ ሊያጥፍ ሞከረ። ጉልበቷ ትንሽ እሺ አለና ቀጥ አለ። ገፋ ሲያደርገው በመታጠፍ ፈንታ መቀመጫዋ ከአልጋው ብድግ አለ። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ ብድግ አለ።

"ኮምፓስ ነኝ እኮ" አለች ልጅቷ፣ ፊቷን ትራሱ ውስጥ እንደቀበረች። ስትራመድ ግራ እግሯ ወደ ውጭ እየዞረ መሬት ላይ ክብ ስለሚሠራ የክፍሏ ልጆች ያወጡላት ስም ነው። ሐኪሙ ሳቅ አለ። እናትየው ግን ዓይኗን ከፊቱ አልነቀለችም።

ከእናትየው ጎን ታላቅ እህቷ፣ የልጅቷ አክስት፣ ተቀምጣለች። ነርስ ናት፤ ቤተሰቡ በሙሉ፣ ልጅቷም ጭምር፣ እታለም ነው የሚሏት። ዛሬም "አንቺ ሐኪም ፊት ስትቀርቢ የገዛ ስምሽ ይጠፋብሻል፣ እኔ ልጠይቅልሽ" ብላ ነው አብራ የመጣችው።

ሐኪሙ ጭኗን በጣቶቹ እየዳሰሰ ነገራቸው። አጥንቷ ደህና መሆኑን ራጁ አሳይቷል፤ ችግሩ ሥጋው ነው። የጭኗ ጡንቻ ጠባሳ ይዞ እንደ ገመድ ደርቋል፤ ልጅቷ በቁመት ስትጨምር እሱ አብሮ አልተሳበም፣ ጉልበቷንም አላስታጥፍ ያላት እሱ ነው። ከዚያ ወደ እናትየው ዞረ።

"ሕፃን እያለች ጭኗ ላይ በተደጋጋሚ መርፌ ተወግታ ነበር?"

እናትየው ወደ እህቷ አልዞረችም። ልጅቷ ጨቅላ ሳለች ሳንባዋን ታማ ሁሉም ተስፋ ሲቆርጥባት፣ ጠዋት ማታ እየተመላለሰች የወጋቻት እታለም ናት። ልጅቷ ዛሬ በሕይወት ያለችው በእሷ እጅ ነው።

"ኧረ አልተወጋችም" አለች።

ሐኪሙ ግራ ገባው። እንዲያ ከሆነ ሌላ በሽታ መፈለግ ሊኖርበት ነው፤ ከጡንቻዋ ተቆርጦ መመርመር አለበት አለ። እናትየው ያለችውን ልታርም አፏን ከፈተች።

"ተወግታለች" አለች እታለም፣ ፈረቃ ለሚረከባት ነርስ እንደምትናገር ረጋ ብላ። የመድኃኒቱን ስምም ጨመረች። "የወጋኋት እኔ ነኝ።"

ሐኪሙ ያ መርፌ ባይኖር ኖሮ ልጅቷም ባልኖረች ነበር ብሎ ሊያጽናናት ሞከረ። አንድ ነገር ብቻ አልገባው አለ፤ መርፌ ቀኝና ግራ ይፈራረቃል፣ ታዲያ ቀኟ እንዲህ ደህና የሆነው ለምንድን ነው?

እታለም ዝም አለች። ለማን ብላ ዝም እንዳለች እናትየው ገባት። ያኔ ቀኝ ጡቷ ቆስሎ ስለነበር የምታጠባት በግራዋ ብቻ ነበር። እታለም መርፌውን ይዛ ስትመጣ፣ እናትየው ልጄ እንዳታለቅስብኝ ብላ ጡቷን ታጎርሳት ነበር፤ ሕፃኗ ደረቷ ላይ ልጥፍ ስትል ወደ ውጭ የሚቀረው ግራ ጭኗ ነው። "አዙሪልኝ እስቲ" ትላት ነበር እታለም። "ተያት፣ ተመችቷታል፣ እዚሁ ውጊያት" ትላት ነበር እሷ።

"እኔ ነኝ" አለች እናትየው። "ግራዋን ብቻ እንድትወጋ ያደረግኳት።"

ሐኪሙ የቀረውን ለሁለቱም ነገራቸው። በቀዶ ሕክምና ጡንቻው እንዲላቀቅ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ጠባሳው ተመልሶ እንዳይዝ ጉልበቷን በየቀኑ ማጠፍ የግድ ነው። አስተጣጠፉን ባለሙያ ያሳያቸዋል፣ ቤት ሲገቡ ግን ሥራው የእነሱ ነው። ያማታል፣ ትጮኻለች፤ የያዛት ሰው አንጀቱ አልችል ብሎ ካቆመ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ይህን ብሎ ቀጠሮ ሊያስይዝ ወጣ።

ልጅቷ ተገላብጣ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቀኝ እግሯ ተንጠለጠለ፤ ግራው ወደ ፊት ተገትሮ ቀረ።

"እታለም፣ ያኔ ስትወጊኝ በጣም አለቀስኩ?"

እታለም እናትየውን ቀና ብላ አየቻት።

"ምንም አላለቀስሽም። ጡትሽን እየጠባሽ በአንድ ዓይንሽ ታዪኝ ነበር።"

"ጎበዝ ነበርኩ ማለት ነው" አለች ልጅቷ ኮራ ብላ።

እናትየው ካልሲዋን ልታጠልቅላት ጎንበስ አለች። የማይታጠፈውን ጉልበት በሁለት እጇ ይዛ እዚያው እንዳጎነበሰች ቀረች።